ቃናና ድባብ፤ ስለ አንድ ዛፍ ተካይ በተጻፈ ታሪክ ሁለቱን ለይቶ ስለ ማስተማር

ቃናና ድባብ የሚባሉት ሁለት ቃላት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዘወትር ጥንድ ሆነው ስለሚነገሩ ተማሪው አንዱን ከሌላው ሳይለይ ትምህርቱን ይፈጽማል። ቃና ተራኪው ለሚተርከው ነገርና ለሚሰማው ሰው ያለው አቋም ነው፤ ማክበሩ፥ መናቁ፥ ማዘኑ ወይም ማሽሟጠጡ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ድባብ ግን አንባቢው በታሪኩ ውስጥ ሳለ የሚያድርበት ስሜት ነው። ቃላቱ ራሳቸው ልዩነቱን ይጠቁማሉ። ቃና ለጠላም ለዜማም ይነገራል፥ ከጠማቂው እጅና ከአዜመው ጉሮሮ ይመነጫል፤ ድባብ ግን በካህናት ራስ ላይ እንደሚዘረጋው ጥላ ከሥሩ የቆመውን ሁሉ ይጋርዳል።

ትርጓሜው ይህን ያህል ግልጥ ከሆነ ተማሪን የሚያደናግረው ምንድን ነው? በብዙ ታሪኮች ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ነው። ተራኪው ሲያለቅስ አንባቢውም ያዝናል፤ ተራኪው ሲቀልድ አንባቢውም ይስቃል። ስለዚህ ለመምህር የሚያስፈልገው አንዱ ሳይነቃነቅ ሌላው የሚለወጥበት ታሪክ ነው። እኔ ከማውቃቸው ለዚህ የሚሻለው ፈረንሳዊው ደራሲ ዣን ዢዮኖ በ1953 ዓ.ም. የጻፈው «ዛፍ ይተክል የነበረው ሰው» የተባለው አጭር ታሪክ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት በ1913 በፕሮቫንስ ደጋ በእግሩ ሲጓዝ ውሃ ያልቅበታል። የሚያገኘው ጣራቸው የተገፈፈ ጥቂት ቤቶች፥ የደወል ቤቱ የወደቀ ጸሎት ቤትና የደረቀ ምንጭ ብቻ ነው። በመጨረሻ ኤልዜያር ቡፊዬ የሚባል የ55 ዓመት እረኛ ውሃ ያጠጣዋል፥ ቤቱም ያሳድረዋል። ማታ እረኛው የባሉጥ ፍሬ ዘርግቶ አንድ በአንድ እየመረመረ ደህና ደህናውን መቶ ይለያል፤ በማግስቱ የራሱ ባልሆነው መሬት ላይ በብረት ዘንግ እየወጋ ይተክለዋል። በ3 ዓመት 100,000 ተክሎ 20,000 በቅሎለታል፤ ከዚያም እኩሌታው እንደሚጠፋ ዐውቆ 10,000 ይጠብቃል። ወጣቱ 5 ዓመት በጦርነት ቈይቶ ሲመለስ ደኑ ርዝመቱ 11፥ ስፋቱ ደግሞ ሰፊ በሆነበት ስፍራ 3 ኪሎ ሜትር ሆኖ ያገኘዋል። እረኛውም በጎቹ ችግኙን ስላሠጉበት አራት ብቻ አስቀርቶ ወደ ንብ ማነብ ዞሯል። በ1913 ሦስት ሰዎች ብቻ ይኖሩባት የነበረችው ቬርጎን የተባለችው መንደር በ1945 28 ነዋሪዎች አሏት።

ድባቡን የሚለውጡት በተለይ ነፋስና ውሃ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዞ ነፋሱ በፈረሱት ቤቶች ላይ እንደ አውሬ ያጉረመርማል፥ ምንጩም ደረቅ ነው፤ አንባቢው ከወጣቱ ጋር ይጠማል፥ ይፈራል። በመጨረሻው ጉዞ ነፋሱ ለስላሳ ነው፥ ሽታም ይዞ ይመጣል። ከከፍታው የውሃ ድምፅ የመሰለ ይሰማል፤ ነገር ግን ነፋስ በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ ኖሯል። ወዲያው ደግሞ እውነተኛው ውሃ ወደ ገንዳ ሲወርድ ይሰማል። ተማሪው ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነፋስንና ውሃን የሚመለከቱትን ቃላት ብቻ ቢያሰምርባቸው ድባብ በምን እንደሚሠራ ያለ ሌላ ማብራሪያ ይገባዋል። ደራሲው «የሚያሳዝን አገር ነበር» ብሎ ብቻ አላለፈም።

ቃናው ግን ከ1913 እስከ 1945 ያው ነው። በመግቢያውና በመደምደሚያው ጥቂት ውዳሴ አለ፤ በመካከሉ ግን ተራኪው ዓመት፥ ዕድሜ፥ ቁጥርና ርቀት እየቈጠረ በእርጋታ ይናገራል። ከሰል አክሳዮቹ ስለሚኖሩበት ክፉ ኑሮ ሲያወራ እንኳ ከርግማን ይልቅ ችግራቸውን ይዘረዝራል። ከ10,000 በላይ ችግኝ የጠፋበትን ዓመት በአጭር ቃል ያልፈዋል። በ1933 አንድ የደን ጠባቂ መጥቶ ይህ በራሱ የበቀለ ደን እንዳይቃጠል ከቤት ውጭ እሳት አታንድድ ብሎ ተካዩን ያስጠነቅቀዋል፤ ተራኪው ግን ፈገግታውን በጥርሱ ይዞ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ያቀርበዋል። ድባቡ ከበረሃ ወደ ልምላሜ ሲሻገር ቃናው ባለበት ይጸናል። ልዩነቱ የሚታየው በዚህ ነው።

ታሪኩን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፈተና ያገኘዋል። ፈረንሳይኛው ለሦስተኛ መደብ አንድ ቃል ብቻ ስላለው ደራሲው እረኛውን «እሱ» ይበለው ወይስ «እርሳቸው» ብሎ መምረጥ አላስፈለገውም። በእኛ ቋንቋ ግን የሃያ ዓመት ልጅ የ55 ዓመት ሰውን ሲጠራ አንቱታ ይገባል። «እሳቸው ተከሉ» ቢባል ጽሑፉ ወደ ገድል ይጠጋል፤ «ተከለ» ቢባል እረኛው ከእረኛነቱ አይወጣም። እኔም ከላይ ያለ ብዙ ማሰብ «ተከለ» ብያለሁ፤ ስሕተት ነው የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፥ እኔ ግን ለዚህ ደረቅ ቃና የሚስማማው እርሱ ይመስለኛል። ሁለተኛው ፈተና ምስክርነትን ይመለከታል። ተረት ነጋሪ «አንድ እረኛ ነበረ አሉ» ሲል ነገሩን በዓይኑ እንዳላየ «አሉ» በምትለው ቃል ያስታውቃል። ዢዮኖ ግን «አየሁ፥ ጠየቅሁ፥ አብሬው በላሁ» በሚል ሰው አፍ ይናገራል።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው፤ ቡፊዬ የሚባል ሰው አልነበረምና። ታሪኩ የተጻፈው አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከማይረሱ ሰዎች ስለ አንዱ እንዲጻፍለት ስለ ጠየቀ ነበር፤ አዘጋጆቹም የእረኛውን ፍለጋ አጥተው ጽሑፉን መለሱት። በ1954 ቮግ በተባለው መጽሔት ወጣ። ከዚያም በኋላ ብዙዎች እውነት ብለው ተቀበሉት። ዢዮኖ ራሱ በ1957 ለዲኝ ከተማ የደን ሹም በጻፈው ደብዳቤ ሰውዬው የፈጠራ እንደ ሆነ፥ ዓላማውም ዛፍን፥ ይልቁንም ዛፍ መትከልን ማስወደድ እንደ ነበረ ገልጧል። እንግዲህ ዓመተ ምሕረት መጥቀስ፥ ፍሬ መቍጠር፥ ሳይጨምሩ መናገር የቃና መሣሪያዎች ናቸው፤ የእውነት ማስረጃ አይደሉም። ከሽማግሌ ቃል የሚቀበል ተመራማሪ የተናጋሪውን እርጋታ ብቻ ይዞ ነገሩን እውነት ብሎ ከመዘገበ በዚያው ወጥመድ ይያዛል። ስለዚህ መምህሩ ይህን ምስጢር በመጀመሪያ ባይናገር ይሻላል፤ ተማሪው አምኖ ካነበበ በኋላ ሰምቶ ያሳመነውን ቃል ራሱ ተመልሶ ይፈልግ።

ለመልመጃ የሚሆነው ከቅርብ ይገኛል። በአገራችን ተማሪ ስለ ደን ጻፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ አንቀጽ ይጀምራል፤ «እንትከል፥ እንጠብቅ፥ አንቍረጥ» ይላል። ያ ቃና የአዋጅ ነው፥ ድባብም አይሠራለትም። በሰሜኑ አገር ዙሪያው ታርሶና ተራቍቶ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግን ጽድ፥ ወይራና ዝግባ እንደ ያዘ የሚታይበት ስፍራ ብዙ ነው። ተማሪው ከእርሻው ተነሥቶ ወደ ቅጽሩ ሲገባ በእግሩ፥ በጆሮውና በአፍንጫው ያገኘውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ «እንትከል» የሚል ቃል ግን አይግባበት። ከዚያ ያንኑ ገጽ ሁለት ጊዜ ደግሞ ይጻፈው፤ አንድ ጊዜ እንደሚያዝን ሰው፥ አንድ ጊዜ እንደሚቈጣ ሰው። ዛፎቹን፥ መንገዱንና ሰዓቱን ግን አይለውጥ። ሦስቱም በክፍል ውስጥ ከተነበቡ በኋላ አድማጮቹ ቅጽሩን በየትኛው ንባብ እንደ ገቡበት ይጠየቁ።