የታደሱ ጌሞች፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይለፍ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ያደገ የከተማ ልጅ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ»ን አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ጌሙ የወጣው በ2004 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 2021 ሮክስታር ጌምስ ይህንኑ ጌም ከሁለቱ ታላላቆቹ፣ ከ«ጂቲኤ 3» እና ከ«ቫይስ ሲቲ» ጋር በአንድ ጥቅል አሳድሶ ለገበያ አቀረበ። ምስሉ ጠርቷል፣ ብርሃኑ ደምቋል ተባለ። ገዢው ከፍቶ ሲገባ የጠበቀው ግን ሌላ ነው። ዝናቡ እንደ ነጭ ክር ተወጥሮ መንገዱን ይጋርዳል። በማሽን የጠሩት የሱቅ ማስታወቂያዎች ፊደላቸው ተሳስቷል። ገጸ ባሕርያቱ የፕላስቲክ አሻንጉሊት መስለዋል። አንድ ዶናት ቤት ጣሪያ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ትልቅ ዳዶ ነበር፤ በሱቁ ስም ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። በታደሰው እትም ማዕዘኖቹ ተሞርደው ዳዶው ክብ ቀለበት ሆኖ ቁጭ አለ። ያደሰው ሰው፣ ወይም ማሽን፣ ምን እያደሰ እንደሆነ አላወቀም።

ከሁሉ የባሰው የጭጋጉ መነሳት ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋ ባይት ብቻ ስለነበር ከተማውን ከነገጠሩ በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሩቁን በጭጋግና በአቧራማ ብርሃን ሸፈኑት። በዚህም የተነሳ ከሎስ ሳንቶስ ተነስቶ ሳን ፊዬሮ የደረሰ ተጫዋች ክፍለ አገር ያቋረጠ ያህል ይሰማው ነበር። በአዲሱ እትም ጭጋጉ ተገፈፈ፤ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰውም ከተሞቹን እንደ ጎረቤት ቤቶች ተጠጋግተው አገኛቸው። ያ ሁሉ አገር ለካ አንድ ሰፈር ኖሯል!

ሮክስታር ይቅርታ ጠየቀ፣ ጥገናም ቀጠለ፤ በ2024 መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ የድሮውን ብርሃንና ጭጋግ የሚመስል አማራጭ መልሶ ብዙ ነገር አቅንቷል። ከጥራቱ በላይ ያስቆጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አዲሱ ከመውጣቱ በፊት አሮጌዎቹ ከኢንተርኔት መሸጫዎች ተነስተው ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ኩባንያው የኮምፒውተር ቅጂዎቹን በራሱ መሸጫ እንደሚመልስ አስታወቀ። የታደሰ ጌም መጫወት ይገባዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከምስሉ ጥራት መፈለግ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ከሥሩ ያለው አሮጌ ሥራ ምን ያህል ተጠብቋል? አሮጌው ራሱስ ከነነፍሱ አለ ወይ? እኔ በእነዚህ ሁለቱ ነው የምመዝነው።

በገበያው ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። «ሪማስተር» የሚባለው የድሮው ጌም ራሱ ታጥቦ ነው፤ ውስጡ ያው ሆኖ ምስሉ ይጠራል፣ ድምፁ ይስተካከላል፣ ለአዲስ ስክሪን ይመቻቻል። «ሪሜክ» ግን ታሪኩንና ሐሳቡን ይዞ ከመሠረቱ እንደ አዲስ መገንባት ነው። ልዩነቱን ለማየት «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን የመሰለ ምሳሌ የለም። በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ምስሉ ይጎተት ነበር። ብሉፖይንት የተባለው ስቱዲዮ በ2011 አጥቦ ለፕሌይስቴሽን 3 አወጣው፤ ይህ ሪማስተር ነው። ያው ስቱዲዮ በ2018 ሣሩን፣ ድንጋዩን፣ የግዙፎቹን ፀጉር ሁሉ እንደገና ሠርቶ ለፕሌይስቴሽን 4 አወጣው፤ ይኸኛው ሪሜክ ነው። የሻጮች ማስታወቂያ ግን ለሁለቱም «ዲፊኒቲቭ»፣ «ኢንሃንስድ»፣ «አኒቨርሰሪ» እያለ እንደፈለገው ስም ስለሚያወጣ ከስሙ ምንም አይታወቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኒንቴንዶ የድሮዎቹን የማሪዮ ጌሞች በተሻለ ምስል ሠርቶ በአንድ ካሴት የሸጠው በ1993 ነው። ጎርፍ የሆነው ግን ፕሌይስቴሽን 3 ካለቀበት ዘመን ወዲህ ነው። የዚያ ማሽን አሠራር ከሌላው ሁሉ የተለየ ስለነበር ፕሌይስቴሽን 4 የእሱን ዲስኮች አያነብም። ስለዚህ በ2013 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ዓመት እንደሞላው ታድሶ ለአዲሱ ማሽን እንደገና ተሸጠ። በ2022 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ70 ዶላር ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበ። ጌሙ ግሩም ነው፤ አንድን ግሩም ጌም በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መግዛት ግን ለተጫዋቹ ሳይሆን ለሻጩ ነው ግሩምነቱ።

እንዲህም ሆኖ ማደስን በጅምላ ማጣጣል አይገባም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ላይ የሚሠራው ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በሕጋዊ ገበያ አይገኙም። የሚሸጣቸው የለም፤ ያለው አሮጌ ማሽን ፈልጎ መግዛት ወይም በጓሮ በር መግባት ነው። መታደስ ለብዙዎቹ ከመጥፋት የመዳኛ ብቸኛው ዕድል ነው።

ችግሩ የሚያድነው አካል የሚያድስበት ነገር ላያገኝ መቻሉ ነው። በዘጠናዎቹና በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎቹ አንድ ጌም ከሸጡ በኋላ ምንጭ ኮዱን፣ ዋናውን ሥዕልና ድምፅ በወጉ አላስቀመጡም። ስኩዌር ኤኒክስ «ኪንግደም ኸርትስ»ን ለማደስ ሲነሳ ዋናው ሥራ ጠፍቶ ተገኘና ከተሸጠው ዲስክ ላይ እየለቀሙ ብዙውን እንደገና ለመሥራት ተገደዱ። ከዚህ የከፋው በ2012 የወጣው የ«ሳይለንት ሂል» ስብስብ ነው። ኮናሚ ለአዳሾቹ የሰጣቸው ኮድ ያላለቀ ቅጂ ነበር፤ ከዓመታት በፊት የተጠገኑ ስህተቶችን ሁሉ እንደ አዲስ መጠገን ነበረባቸው። እዚህም ጉሙ ነው የተጎዳው። በ«ሳይለንት ሂል 2» ውስጥ ጉም ማለት ፍርሃቱ ራሱ ነው፤ ከፊት የሚመጣውን አታይም፣ የሚሰማህ ኮቴ ብቻ ነው። ጉሙ ሲሳሳ መደበቅ የነበረበት ሁሉ ተጋለጠ፣ የሚያስፈራውም አላስፈራ አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ጌም በኮምፒውተር በድሮው መልኩ መጫወት የሚፈልግ ሰው የሚጠቀመው አፍቃሪዎቹ በነፃ የሠሩትን ማሻሻያ ነው። ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች የተከፈላቸውን በለጡ። በ2024 ብሉበር ቲም እንደ አዲስ የሠራው ሪሜክ በአንጻሩ ጉሙ ምን እንደሚሠራ የገባቸው ሰዎች ሥራ ነው።

ምስልን ማጥራት ሁልጊዜ ማሻሻል ነው የሚለው እምነት ራሱ ትክክል አይደለም። የድሮ ሠዓሊዎች የሚሠሩት ለድሮ ቴሌቪዥን ነበር። በ1991 በወጣው «ሶኒክ» ውስጥ ፏፏቴው የተሳለው በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ነው፤ በጊዜው ገመድና በሆዳሙ ቴሌቪዥን ላይ መስመሮቹ ይቀላቀሉና ውሃው በስተጀርባው የሚያሳይ ይመስላል። ዛሬ ጥርት ባለ ስክሪን ስታየው የብረት አጥር ነው። ከምስል ደግሞ የእጅ ስሜት ይበልጣል። «ክራሽ ባንዲኩት» በ2017 ታድሶ ሲወጣ ያማረ ነበር፣ ገበያውም ደራ። የድሮ ተጫዋቾች ግን በተለይ የመጀመሪያውን ክፍል ሲጫወቱ ከሚያውቁት ጠርዝ ላይ ይንሸራተቱ ጀመር። ምክንያቱ የገጸ ባሕርዩ አካል ከመሬት ጋር የሚነካካበት የማይታይ ቅርጽ ከሥር ክብ በመሆኑ ነው፤ ጠርዝ ላይ ያረፈ እግር ቆሞ መቅረቱ ቀርቶ ይንሸራተታል። ዓይን ያላየውን ጣት አወቀው። አዳሾቹም ልዩነቱን አምነዋል።

በዚህ በኩል ብሊዛርድ በአንድ እጁ ሠርቶ በሌላው ያፈረሰ ኩባንያ ነው። በ2017 «ስታርክራፍት»ን ሲያድስ አንዲት ሕግ አልነካም። በአንድ ጊዜ ከ12 በላይ ወታደር መምረጥ አይቻልም የሚለው የ1998 ገደብ እንኳን እንዳለ ቀረ፤ በደቡብ ኮሪያ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ትውልድ ያሳደገ ውድድር በዚያ ገደብ ላይ የቆመ ነውና። አሮጌውን ደግሞ በነፃ ለቀቀው። በ2021 የታደሰው «ዲያብሎ 2»ም እንዲሁ ነው፤ ከሥር የሚሠራው የ2000ው ጌም ሆኖ አዲሱ ምስል ከላይ ተደርቦበታል፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን ልብሱ ይወልቅና አሮጌው ይታያል። ይህች ቁልፍ በ2011 በታደሰው «ሄሎ»ም ነበረች። እንደ እኔ ከሆነ የታማኝነት ምልክት ነች፤ የሠራውን ከጥንቱ ጎን አቁሞ ለማሳየት የማይፈራ አዳሽ ብቻ ነው የሚያስገባት።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚነገረው የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ታሪክ ነው። በ1999 ሲወጣ 13 ሕዝቦች ነበሩት፤ ከሰሃራ በታች አንድም አልነበረም። ማይክሮሶፍት በ2013 አድሶ ሲያወጣው በትርፍ ጊዜያቸው አዳዲስ ሕዝቦችን ይጨምሩበት የነበሩ አፍቃሪዎችን ወደ ሥራው አስገባ። እነዚያው ሰዎች በ2015 የአፍሪካ መንግሥታትን ክፍል ሲያወጡ ኢትዮጵያውያን ከማሊና ከበርበር ጋር ገቡ። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ። ልዩ ወታደራቸው ሾተል ታጣቂው ነው፤ ቶሎ ይመለመላል፣ ክፉኛ ይመታል፣ ቶሎም ይወድቃል። ሰዎቹን መርጠህ ስታዝዛቸው የሚመልሱልህ በአማርኛ ነው። የራሳቸው ዘመቻም አላቸው፤ ባለታሪኳ ዮዲት ናት። በእኛ ትውፊት አክሱምን አጥፍታ አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለች ተብላ የምትረገመው ሴት እዚህ ተበድላ የተሰደደች ጀግና ሆና ትመጣለች፤ መምህራኑ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሁሉም በ2019 በወጣው «ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን» ውስጥ ምስሉ ተሻሽሎ ተካቷል። ኢትዮጵያ በዋናው ጌም ውስጥ አልነበረችም፤ ያስገባት መታደሱ ነው። አንድ ጌም ብቻ ግዛ የሚለኝ ቢኖር ይህን እገዛለሁ።

ስለ ሪሜክ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሌላ ሥራ ነውና በራሱ ይመዘናል። ካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል 2»ን በ2019፣ «4»ን በ2023 ሲሠራ አሮጌዎቹን ለመተካት ሳይሆን ከጎናቸው ለመቆም የሠራ ይመስላል፤ የ2005ቱ «4» አሁንም ይሸጣል፣ አሁንም ያስቃል፣ ያስደነግጣል። ሁለቱንም መጫወት ይቻላል፤ እንዲያውም ይመከራል። «ፋይናል ፋንታሲ 7» ግን የ1997ቱን አንድ ጌም ሦስት ቦታ ቆርጦ በየዓመታቱ እያወጣ ስለሆነ ታሪኩን ብቻ ማወቅ የፈለገ ሰው አሮጌውን ቢጀምር ጊዜውም ገንዘቡም ይተርፈዋል።

ኪስንና ኮምፒውተርን የሚመለከት ነገርም አለ። በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» በአንድ ዲቪዲ ይገባ ነበር። በኤፕሪል 2025 ታድሶ ሲመጣ ዋጋው 50 ዶላር፣ የሚፈልገው ቦታ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ሆነ፤ ከሥሩ የሚያስበው ግን ያው የድሮው ሞተር ነው፣ ከነአስቂኝ ስህተቶቹ። በኢንተርኔት ጥቅል ለሚያወርድና በመካከለኛ ላፕቶፕ ለሚጫወት ሰው የ2006ቱ ቅጂ ያለምንም ይሉኝታ የተሻለ ምርጫ ነው። ናይትዳይቭ የተባለው ስቱዲዮ በ2021 ያደሰው የ1996ቱ «ኩዌክ» በተቃራኒው በ10 ዶላር ወጣ፤ በኮምፒውተር አሮጌውን ለገዙ ደግሞ በነፃ ተሰጠ። ቀላል ነው፣ በደካማ ማሽንም ይሠራል፣ ዋናው ቅጂም አብሮ አለ። እንዲህ ያለ አዳሽ ሲገኝ ማመንታት አያስፈልግም።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ብሊዛርድ በሌላው እጁ ያፈረሰው «ዋርክራፍት 3 ሪፎርጅድ» ነው። በጃንዋሪ 2020 ሲወጣ አስቀድመው ከታዩት የተሻሻሉ ትዕይንቶች ብዙዎቹ አልነበሩም፤ የ2002ቱን ጌም ገዝተው በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሰዎችም ሳይጠየቁ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ተገፉ። ማለትም አዲሱን ያልገዛውም አሮጌውን አጣ። ብሊዛርድ ገንዘብ ለመመለስ ተገዷል። ስለዚህ የታደሰ ጌም በወጣበት ሳምንት አይግዙ፤ ማስታወቂያውን ትተው ሰው ሲጫወተው የተቀረጸ ቪዲዮ ይመልከቱ፤ አሮጌው አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ። አሮጌው ዲስክ ቤትዎ ካለ ደግሞ ለማንም አይስጡ።