የመዳቡ ሽቦ መሻርና የቤተ ሰብ ኪስ

የቆየ ዕቃ በአዲስ ሲተካ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛው፥ አዲሱ ከአሮጌው ይሻላልን የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ ለመተካቱ የሚወጣውን ወጪ የሚከፍለው፥ በመካከሉም የሚደርሰውን ችግር የሚሸከመው ማን ነው የሚል ነው። የፊተኛውን መሐንዲሶች ይመልሱታል። የኋለኛው ግን የመሐንዲሶች ሥራ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። በዛሬው ዘመን በእንግሊዝ አገር የስልኩ የመዳብ ሽቦ ተሽሮ በምትኩ ፋይበር የተባለው የመስተዋት ክር እስከ ቤት ደጃፍ ሲዘረጋ የሚታየው ነገር ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግራሃም ቤል ስለ ስልክ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1876 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሎንዶን ከተማ የመጀመሪያው የስልክ ማዞሪያ ቤት ተከፈተ። በ1912 የፖስታ መሥሪያ ቤት የትልቁን የስልክ ኩባንያ ንብረት ተረክቦ ስልክ የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ እስከ 1981 እንዲህ ከቆየ በኋላ ብሪቲሽ ቴሌኮም ተብሎ ከፖስታው ተለየ፤ በ1984ም መንግሥት ከአክሲዮኑ ከግማሽ የሚበልጠውን ሸጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ባለቤቱ ሲለዋወጥ ሽቦው አልተለወጠም። ከማዞሪያ ቤት ተነሥቶ በመሬት ውስጥና በእንጨት ምሰሶ ላይ እያለፈ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገባው እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ መዳብ ነበረ።

ይህ ሽቦ የተዘረጋው የሰውን ድምፅ እንዲያደርስ ብቻ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔትን በላዩ ላይ በጫኑበት ጊዜ ግን ጉድለቱ ተገለጠ፤ መልእክቱ በመዳብ ላይ በሄደ መጠን እየደከመ ይሄዳልና ከማዞሪያው የራቀ ቤት ከቀረበው ቤት ያነሰ ያገኛል። ስለዚህ ከ2010 ገደማ ጀምሮ ፋይበሩን በመንገድ ዳር እስከ ተተከለው አረንጓዴ ሣጥን አደረሱትና ከሣጥኑ እስከ ቤት ያለውን መዳብ እንዳለ ተዉት። ፍጥነቱም በሴኮንድ እስከ 80 ሜጋቢት ወጣ፤ ይህ ግን ከሣጥኑ አጠገብ ላለ ቤት ነው። ከሣጥኑ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀው ከግማሽ በታች እየተቀበለ የወር ሒሳቡን ከጎረቤቱ እኩል ሲከፍል ኖረ።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ስሙ ነው። ይህን ግማሹ መዳብ ግማሹ መስተዋት የሆነውን መስመር ሻጮቹ በየማስታወቂያው ፋይበር እያሉ ሸጡት። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው በ2017 ይህን ስም መጠቀም ገዢውን አያሳስትም ብሎ ወሰነ፤ እስከ ቤት ድረስ እውነተኛውን ፋይበር የሚዘረጋ አንድ ኩባንያም ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢወስደው በ2019 ተረታ። ኦፍኮም የተባለው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሻጮች ውል ከማስፈረማቸው በፊት መስመሩ በምን እንደሚመጣ በግልጽ እንዲናገሩ፥ ፋይበር የሚለውንም ስም ለሙሉው ብቻ እንዲሰጡት ያስገደደው በ2024 ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ፋይበር አለኝ ብሎ ለዓመታት ሲከፍል የኖረ ሰው፥ ፋይበር እናስገባልህ የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ግራ ቢጋባ የሚያስነቅፈው አይደለም።

የመስተዋቱ ክር ብልጫ ግን አያከራክርም። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉት ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር በሃርሎ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራ ሲሠሩ በ1966 ባወጡት ጽሑፍ፥ መስተዋቱ በሚገባ የጠራ እንደ ሆነ ብርሃን በውስጡ ብዙ ርቀት ሊሄድ እንደሚችል አስረዱ። በ1970 የአሜሪካ ኮርኒንግ ኩባንያ ያን ያህል የጠራውን ክር ሠራ፤ ካኦም በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ክሩ ከሰው ጠጉር ብዙ የማይወፍር ሲሆን ውሃ አያዝገውም፥ መብረቅም አይስበውም፤ አንዱ ክር በመንገዱ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ በሚሠራ መክፈያ ተከፍሎ እስከ 32 ቤት ሊያገለግል ይችላል። ርቀቱ ስለማያስቸግረውም ኦፕንሪች የተባለው የመስመር ኩባንያ 5,600 ያህል ከሆኑት ማዞሪያ ቤቶቹ ወደ 1,000 የሚሆኑትን አስቀርቶ የቀሩትን ለመዝጋት አቅዷል። በ2017 ሙሉ ፋይበር ሊያገኙ የሚችሉት የብሪታንያ ቤቶች ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሲሆኑ በ2024 አጋማሽ ከመቶ 69 ደርሰው ነበር። በሰባት ዓመት ይህን ያህል መንገድ ቆፍሮ መዘርጋት ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ አሮጌው መዳብ አንድ የተሰወረ ደግነት ነበረው። ከማዞሪያ ቤት የሚመጣው ሽቦ ድምፅን ብቻ ሳይሆን 50 ቮልት ያህል ኃይልም ይዞ ይመጣ ነበረ። ማዞሪያ ቤቱ የራሱ ባትሪና ሞተር ስላለው፥ በመንደሩ መብራት ጠፍቶ ሁሉ በጨለመበት ሰዓት ስልኩ ይናገር ነበር። የመስተዋት ክር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቤቱ መብራት ሲጠፋ በቤት ያለው መቀበያ ይጠፋል፥ ስልኩም አብሮት ይሞታል። ይህን ደግነት ማንም በሒሳብ ደብዳቤ ላይ ጽፎት አያውቅም ነበርና እንደሚቀር በተነገረ ጊዜ ዋጋውን ያወቁት ጥቂቶች ናቸው።

በ2021 ኖቬምበር ወር መጨረሻ አርዌን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ላይ በነፈሰ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤቶችም ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆዩ። በብዙ ቦታ የሞባይሉም አንቴና ኃይል አጥቶ ዝም አለ። ይህና በተከታዩ የክረምት ወራት የነፈሱት ሌሎች ዐውሎ ነፋሶች ከታዩ በኋላ ብሪቲሽ ቴሌኮም የቤት ስልኮችን ወደ አዲሱ መስመር ማዛወሩን በ2022 ማርች ለጊዜው አቆመ፤ በተከታዩም ዓመት እንደገና ጀመረ። ኦፍኮም በ2018 ባወጣው መመሪያ በቤት ስልኩ ብቻ የሚተማመን ደንበኛ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ለእርዳታ መደወል እንዲችል ኩባንያው መላ ይፈልግለት ይላል። አንድ ሰዓት ለከተማ ሰው ይበቃ ይሆናል። በተራራ ሥር ለሚኖር፥ መብራቱ በሦስተኛው ቀን ለሚመለስለት ሽማግሌ ግን ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህም የሚያሳስብ አለ። በብሪታንያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሽማግሌዎች፥ አሮጊቶችና በሽተኞች በአንገታቸው ወይም በክንዳቸው የጥሪ ቁልፍ አሥረው ይኖራሉ፤ የወደቀው ሰው ቁልፉን ሲጫን በስልኩ መስመር አማካይነት ረዳት ይጠራለታል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለመዳቡ መስመር ስለ ሆነ በአዲሱ ላይ ሳይሠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። በ2023 ከዝውውር በኋላ ቁልፋቸው ያልሠራላቸው ሰዎች ከባድ አደጋ እንደ ደረሰባቸው ከታወቀ በኋላ መንግሥት ኩባንያዎቹን ሰብስቦ በዲሴምበር ወር ቃል አስገባቸው፤ የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ በአዲሱ መስመር ላይ መሥራቱ ካልተረጋገጠ በቀር ያለ ፈቃዳቸው እንዳይዛወሩ ተስማሙ። አሮጌው የስልክ አገልግሎት በ2025 ዲሴምበር ይዘጋል ተብሎ የነበረው ቀነ ቀጠሮም በ2024 ሜይ ወር ወደ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ተገፋ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ሰው ከወደቀ በኋላ የመጣ መልካም ነው።

አሁን ወደ ኪሱ ነገር እንመለስ። ኩባንያዎቹ እንደሚሉት ሁለት መረብ አንድ ላይ ማኖር አይቻልም፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ በአንድ ማዞሪያ ቤት ክልል ውስጥ ካሉት ቤቶች ከመቶ 75ቱ ፋይበር ሊገባላቸው ሲችል ኦፕንሪች በዚያ ክልል ፋይበር ሊገባላቸው ለሚችሉት ቤቶች አዲስ የመዳብ መስመር እንዳይሸጥ ኦፍኮም ፈቅዶለታል። ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ አዲስ መስመር የሚያስገባ ወይም ሻጭ የለወጠ ሰው ወደደም ጠላም ወደ አዲሱ ይገባል። ድምፅ ብቻ የሚፈልግ፥ ኢንተርኔት በቤቱ ኖሮ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የስልኩን ጥሪ በኢንተርኔት መስመር ያገኛል።

ውሉን ከፈረመ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት። ብዙዎቹ ሻጮች በውላቸው ውስጥ በትንሽ ፊደል ዋጋው በየዓመቱ በኑሮ ውድነት ልክና በዚያም ላይ ከመቶ 3.9 ተጨምሮ ከፍ ይላል የሚል ቃል አግብተው ነበር። የ2022 መጨረሻ የኑሮ ውድነት ከመቶ 10.5 ስለ ሆነ በ2023 ጸደይ የብዙ ቤት ሒሳብ በአንድ ጊዜ ከመቶ 14.4 ጨመረ። በወር 30 ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ ሰው 34 ፓውንድ ከ32 ፔንስ ክፈል ተባለ። ውሉን ልተው ቢል የቀሩትን ወራት መቀጫ ይጠየቃል። ገዢው ዋጋውን ሳያውቅ፥ ሻጩም ራሱ ሳያውቀው የተፈረመ ውል ምን ዓይነት ውል እንደሚባል የሕግ ሰዎች ይንገሩ።

ኦፍኮም ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በአዲስ ውል ውስጥ እንዲህ ያለውን ጭማሪ ከልክሎ፥ ወደፊት የሚጨመር ገንዘብ ካለ ስንት ፓውንድና ስንት ፔንስ እንደ ሆነ፥ ከመቼም ጀምሮ እንደሚከፈል አስቀድሞ ይነገር ብሎ አዘዘ። ገዢው ዐውቆ እንዲፈርም ማድረጉ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ወዲያው ለሁሉ እኩል የሆነ ጭማሪ አመጡ፤ አንዳንዶቹ በየዓመቱ በወሩ ክፍያ ላይ 3 ፓውንድ ጨመሩ። ሦስት ፓውንድ 60 ለሚከፍለው ከመቶ 5 ነው፤ 25 ለሚከፍለው ግን ከመቶ 12 ነው። እንደዚህ ሆኖ ርካሹን የመረጠው ድኃ በመቶኛ ሲታሰብ ከባለጸጋው ይልቅ የከፋው ጭማሪ ደረሰበት።

ለድኆች ልዩ ዋጋ የለም ማለት አይደለም። የመንግሥት መደጎሚያ የሚቀበሉ ሰዎች ከሌላው ያነሰ ዋጋ እንዲከፍሉ ብዙ ኩባንያዎች መስመር አዘጋጅተዋል። ሆኖም ኦፍኮም በ2022 መጀመሪያ ባወጣው ሒሳብ ይህ ከሚገባቸው 4.2 ሚሊዮን ቤተ ሰቦች የተጠቀሙት 55,000 ብቻ፥ ይኸውም ከመቶ 1 ብዙ ያልበለጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢያድግም በ2024 ከመቶ 10 እንኳ አልሞላም። በየአውቶቡሱ ላይ ስለ ፍጥነቱ በትልቅ ፊደል የሚጽፍ ሻጭ ስለዚህ ርካሽ ዋጋ ለመንገር ፊደል የሚያጥረው ለምን ይሆን?

ሌላም መንገድ እንዳለ በሰሜን እንግሊዝ በላንካሻየር ያሉ ገበሬዎች አሳይተዋል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቤቱ ተራርቋል፥ አያዋጣም ብለው በተዉአቸው ጊዜ የመንደሩ ሰዎች በ2011 ቢ ፎር አር ኤን የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ባለ መሬቱ ክሩ በእርሻው ውስጥ እንዲያልፍ በነጻ ፈቀደ፤ ቦዩን ራሳቸው ቆፈሩ፤ ገንዘቡንም አክሲዮን እየገዙ አዋጡ። በሴኮንድ 1,000 ሜጋቢት የሚያደርስ መስመር ለብዙ ዓመታት በወር 30 ፓውንድ ሲሰጡ ቆዩ፤ ከዐሥር ሺህ በላይ ቤቶችም አገናኙ። እርግጥ ነው፥ የነጻ ጉልበትና የነጻ መሬት ዋጋ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልተቆጠረምና ይህን ከሎንዶን መንገድ ቁፋሮ ጋር ማስተያየት አይገባም። ቢሆንም አያዋጣም የተባለው ነገር የማያዋጣው ለማን እንደ ሆነ ያስረዳል።

በሎንዶን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያች ከተማ እጅግ ብዙ ሰው በተከራየው የፎቅ ቤት ይኖራል፤ ክሩም ወደ ሕንፃው የሚገባው ባለ ሕንፃው ሲፈቅድ ነው። ባለ ሕንፃው ለደብዳቤ መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ ኩባንያው ወደ ዳኛ እንዲሄድ የሚያስችል ሕግ በ2021 ወጥቷል። እስከዚያ ድረስ ግን መንገዱ ፋይበር ሞልቶት ሳለ አምስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ሰው በአሮጌው መዳብ ይቆያል።

ከቦዩና ከምሰሶው እየተነቀለ የሚወጣው መዳብ አይጣልም። ኩባንያው ሰብስቦ ይሸጠዋል፤ መዳብም በዓለም ገበያ የተወደደ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ገንዘብ ያስገባል። ያ ሽቦ አብዛኛው የተዘረጋው ስልክ የመንግሥት በነበረበት ዘመን በሕዝብ ገንዘብ ነው። ከሽያጩ ጥቂቱ ተቀንሶ የጥሪ ቁልፍ ላሠሩት፥ ሞባይልም ለማይደርስባቸው ሰዎች ከአንድ ሰዓት የበለጠ የሚቆይ ባትሪ ያለ ክፍያ ቢገዛላቸው ሒሳቡን ከባድ አያደርገውም፤ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ከመድረሱ በፊትም ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው።