ስለ አሮጌ የወይን ሐረግና ስለ ቀይ ወይን ጠጅ

የወይን ፍሬ ጥቁር ቢሆንም ጭማቂው ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። ጠጁን የሚያቀላው ልጣጩ ስለ ሆነ፣ ቀዩ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው ከነልጣጩ ፈልቶ ነው።

በሜዲትራንያን ባሕር ዳር፣ በፈረንሳይ ሩሲዮን አውራጃ፣ ካሪኛን የሚባል ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ሐረግ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ፍሬው ጥቂት፣ ጣዕሙ ግን ብርቱ ነው ይባላል። ጠጪው ቢያመሰግነውም ገበሬው ገቢው ስላነሰበት ብዙውን ነቅሎ ጥሎታል፤ የሚያሳዝን ነው።

በእኛም አገር፣ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ በዝዋይ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ወይን አስተክሎ በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ አወጣ። ጉማሬ እንዳይገባበትም ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ (የሩሲዮን ገበሬ ይህን ጣጣ አያውቀውም!)። በቆላ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ፣ የሐረጉ ዕረፍት የሚወሰነው በአትክልተኛው መቀስ ነው።