የአባላዘር ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በብሪታንያ

የአባላዘር ሕክምና በብሪታንያ ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ሲሆን የኤች አይ ቪ ክትትልንም ያጠቃልላል። መነሻው በ1916 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ነጻና ምስጢር ጠባቂ ክሊኒኮች እንዲከፈቱ ያደረገው ደንብ ነው። ወደ ዘርፉ ለመግባት የሚፈልግ ጀማሪ ሐኪም ግን ብዙ መሰናክል ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው የመንገዱ ርዝመት ነው። ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ 2 ዓመት መሠረታዊ ሥልጠና፣ 3 ዓመት የውስጥ ደዌ፣ ከዚያም 4 ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይወስዳል። በመካከሉ ኤም አር ሲ ፒ የተባለውን ከባድ ፈተና ማለፍ አለበት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሥልጠናው ከጠቅላላ የውስጥ ደዌ ሕክምና ጋር ተጣምሯል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የልብና የስኳር ሕመም ስለሚደረብባቸው ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ነገር ግን የክሊኒክ ሥራን መርጦ ለመጣ ሐኪም የድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኝነት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘርፉን በቅርብ አለማየት ነው። ብዙዎቹ ክሊኒኮች ከሆስፒታል ዋርድ ርቀው ይገኛሉ፤ ታካሚዎችም ተማሪ እንዲገባ ላይፈቅዱ ይችላሉ። በእንግሊዝ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎቱን በበጀት የሚይዙት የአካባቢ ምክር ቤቶች ናቸው። ክሊኒኩ በጨረታ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወር የሠልጣኙ ቦታ አብሮ ሊናጋ ይችላል።

በአቅራቢያው ያለው የማኅበረሰብ ሥነ ተዋልዶ ጤና ሥልጠና የውስጥ ደዌ ቆይታ አይጠይቅም፤ 6 ዓመት ይፈጃል። የእሱ ችግር ሌላ ነው፦ በየዓመቱ የሚከፈተው ቦታ ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው።