ስፓም ማጣሪያው ከማን ይማራል?

እ.ኤ.አ. በ1994 ላውረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ጠበቆች፣ እኛ ዲቪ እያልን ስለምናውቀው የግሪን ካርድ ዕጣ የሚያወራ ማስታወቂያ በሺዎች ለሚቆጠሩ የዩዝኔት መወያያ ቡድኖች በተኑ። እንዲህ ላለው ሳይጠየቅ በጅምላ ለሚበተን መልእክት የተሰጠው ስፓም የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው ያኔ ነው። ላኪው የሚያወጣው ገንዘብ ከቁጥር አይገባም፤ ጊዜውን የሚከፍለው ተቀባዩ ነው።

በመሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር ላይ ያለው ማጣሪያ አስቀድሞ የሚመረምረው ላኪውን ነው። መልእክቱ የመጣበት አይፒ አድራሻ እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ድርጅቶች በሚያዘጋጁት ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ያያል። በላኪነት ስሙ የተጠቀሰው ድርጅት መልእክቱን ላመጣው ሰርቨር የመላክ ፈቃድ መስጠቱንም ኤስፒኤፍ በተባለው የዶሜይን መዝገብ ያረጋግጣል።

ይህን ያለፈ መልእክት በይዘቱ ይመዘናል። ፖል ግሬሃም የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጽሑፍ ያስፋፋው ዘዴ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ሰባኪ ቶማስ ቤይስ በተወው የዕድል ስሌት ላይ የቆመ ነው። ማጣሪያው እያንዳንዱ ቃል በስፓም ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በደህናው ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ይቆጥርና ሁሉንም አዋሕዶ ይፈርዳል። የሚያስደንቀኝ ፍርዱ ከቢሮ ቢሮ መለያየቱ ነው። በአንድ የትራንዚት ቢሮ «ኮንቴይነር» እና «ጅቡቲ» የደህና ደብዳቤ ምልክት ይሆናሉ፤ ሌላ ቢሮ ግን እነዚህን ቃላት አይቷቸው ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ አስተማሪዎቹ ሠራተኞቹ ናቸው። ስፓሙን ዝም ብሎ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ለማጣሪያው ምንም አይነግረውም፤ «ስፓም ነው» የሚለውን መጫን ግን ይነግረዋል። በገዛ ፈቃድ የተመዘገቡበትን የኢሜይል ጋዜጣ ስፓም ማለት ደግሞ ማጣሪያውን ማሳሳት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ምዝገባውን መሰረዝ ይሻላል። ከማይታወቅ ላኪ በመጣ ስፓም ላይ ያለውን የስረዛ ሊንክ ግን መንካት አይገባም፤ አድራሻው ሰው እንዳለበት ለላኪው ማረጋገጫ ይሆነዋል።

ከሁሉ የምፈራው ማጣሪያው ደህናውን ደብዳቤ ሲጥል ነው። አንድ ስፓም ቢያልፍ የሚባክነው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የተጣለው የጨረታ ጥሪ ከሆነ ግን የማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ቢገኝ ምን ይጠቅማል? የስፓም ማኅደሩን በየቀኑ የሚያይ፣ በስሕተት የገባውንም «ስፓም አይደለም» ብሎ የሚመልስ ሰው በስም መመደብ አለበት። የኢሜይል አስተዳዳሪውም የመሥሪያ ቤቱን የራሱን የኤስፒኤፍ መዝገብ ያሟላ፤ ያለዚያ የእኛ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ማጣሪያ ሊያዝ ይችላል።