የጌም ቦይ ጀማሪ ፕሮግራም ሲበላሽ ስህተቱን ከየት እንፈልገው?

እንደሚታወቀው በሲ ወይም በጃቫ ፕሮግራም ስንጽፍ ስህተት ከሠራን ኮምፓይለሩ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሆነ ነገር ይለናል። መስመሩን ይጠቁመናል፤ ቢያንስ ፕሮግራሙን ዘግቶ መልእክት ያወጣል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌለው ማሽን ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በቃ! ታዲያ ከየት እንጀምር? በዚህ አጭር ጽሑፍ የድሮውን ጌም ቦይ እንደ ምሳሌ ወስደን ጀማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁባቸውን ጉድጓዶች እናያለን።

ለመሆኑ ለምን ጌም ቦይ? ኒንቴንዶ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ መጫወቻ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር፣ 8 ኪሎባይት ራም፣ 8 ኪሎባይት የቪዲዮ ራም እና 160 በ144 ፒክስል ስክሪን አለው። ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ አንድ ተማሪ አሠራሩን ከሞላ ጎደል በጭንቅላቱ ሊይዘው ይችላል። አርጂቢዲኤስ የተባለው አሴምብለር በነፃ ይገኛል፤ ቢጂቢና ሴምቦይን የመሳሰሉ ኤሙሌተሮችም ዲበገር አላቸው።

1. ሥዕሉ ተቆራርጦ ሲወጣ

ይህ ከሁሉም የተለመደው ነው። ማሽኑ በሴኮንድ ወደ 60 ጊዜ ያህል ስክሪኑን ይሥላል። እያንዳንዱ ዙር 154 መስመር አለው፤ 144ቱ የሚሣሉ ሲሆኑ የቀሩት 10 መስመሮች የዕረፍት ጊዜ ናቸው። ይህ ዕረፍት ቪብላንክ ይባላል፤ ርዝመቱም 1.1 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። የሥዕል ክፍሉ አንድን መስመር በሚሥልበት ሰዓት የቪዲዮ ራሙን ለራሱ ይይዘዋል። በዚያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሊጽፍ ቢሞክር ጽሑፉ ዝም ተብሎ ይጣላል። ስህተት የሚል የለም! ውጤቱ ግማሹ ገብቶ ግማሹ የጠፋ ሥዕል ነው። ጀማሪው የሥዕል ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ችግሩ ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

መፍትሔው ቪብላንክ እስኪደርስ ጠብቆ መጻፍ፣ ብዙ ዳታ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን አጥፍቶ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ስክሪኑ መጥፋት ያለበት በቪብላንክ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ማጥፋት እውነተኛውን መሣሪያ ሊጎዳ ይችላል፤ ኤሙሌተር ላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል።

2. ኤሙሌተር ላይ ሠርቶ መሣሪያው ላይ እምቢ ሲል

ብዙ ኤሙሌተሮች ሲነሱ ራሙን በዜሮ ይሞሉታል። እውነተኛው መሣሪያ ሲበራ ግን ራሙ ውስጥ ያለው ነገር የዘፈቀደ ነው። "ነጥብ ከዜሮ ይጀምራል" ብሎ ዜሮ ሳይጽፍ ያለፈ ፕሮግራም ኤሙሌተሩ ላይ ያለችግር ይሄዳል፣ መሣሪያው ላይ ግን ጨዋታው በ173 ነጥብ ሊጀምር ይችላል። የምንጠቀምበትን ራም ሁሉ መጀመሪያ ራሳችን እናጽዳ። ቢጂቢ ያልተጻፈበት ራም ሲነበብ ፕሮግራሙን የሚያቆም አማራጭ አለው፤ እሱን ማብራት ብዙ ድካም ያተርፋል።

3. አንዳንዴ ብቻ ሲበላሽ

አስቸጋሪው ይኼ ነው። ኢንተረፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ ኢንተረፕቱ ኮድ ይዘላል፤ የመመለሻ አድራሻውን ስታክ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ሬጂስተሮቹን አያስቀምጥም። የኢንተረፕቱ ኮድ ሬጂስተሮቹን ተጠቅሞ ሳይመልሳቸው ከወጣ፣ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃውን አተራምሶ እንደወጣ እንግዳ ማለት ነው። ዋናው ፕሮግራም የት ላይ እንደሚቋረጥ ስለማይታወቅ ብልሽቱ በየጊዜው መልኩን ይለዋውጣል። ስለዚህ "አንዳንዴ" የሚል ቃል ስንሰማ መጀመሪያ ኢንተረፕቱን እንጠርጥር፤ የተጠቀምንባቸው ሬጂስተሮች መግቢያው ላይ ተቀምጠው መውጫው ላይ መመለሳቸውን እንይ።

4. ትንንሾቹ

አንድ ባይት ከ255 አያልፍም። አንድ ሕይወት የቀረው ተጫዋች በአንድ ዙር ሁለቴ ቢመታና ዜሮ መድረሱ በየመሃሉ ካልተፈተሸ 255 ሕይወት ያገኛል! ስፕራይትን ወደ ግራው የላይኛ ጥግ ለማምጣት ደግሞ 0 እና 0 ሳይሆን አግድሙን 8፣ ቁመቱን 16 ማድረግ ያስፈልጋል፤ በ0 እና 0 የተቀመጠ ስፕራይት አይታይም። በአሴምብሊ አድራሻን በቅንፍ መጻፍና ያለ ቅንፍ መጻፍም ለየቅል ነው፤ አንዱ አድራሻው ውስጥ ያለውን ዋጋ፣ ሌላው ቁጥሩን ራሱን ያመለክታል። አሴምብለሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላል።

አፈላለጉስ?

በመጀመሪያ ብልሽቱን በፈለግነው ሰዓት መድገም መቻል አለብን። ቀጥሎ ኮዱ መሃል ላይ ብሬክፖይንት አስቀምጠን ሬጂስተሮቹ የጠበቅነውን ይዘው እንደሆነ እናያለን። እስከዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ ከታች ነው፤ ካልሆነ ከላይ። እንዲህ በግማሽ በግማሽ ስንቆርጥ 1000 መስመር ኮድ በ10 ሙከራ ያልቃል። ዲበገር በሌለው እውነተኛ መሣሪያ ላይ ደግሞ የፓሌት ሬጂስተሩን እንለውጥ፤ እሱ በማንኛውም ሰዓት ይጻፍበታል። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ከጠቆረ ፕሮግራሙ እዚያ ነጥብ ደርሷል ማለት ነው።

በመጨረሻም፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። አምስት ነገር ለውጦ "ተስተካከለ!" ያለ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ስለዚህ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የፕሮግራምም በሽታ ምክንያቱ ሳይታወቅ ቢጠፋ ተደበቀ እንጂ አልዳነም። ነገ በሕክምና መሣሪያ ወይም በመኪና ፍሬን ውስጥ ባለ ማይክሮኮንትሮለር ላይ የሚሠራ ተማሪ የሚያገኘው ዝምታ ይኸው የጌም ቦይ ዝምታ ነው፤ ልዩነቱ የስህተቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ልምዱን ርካሽ በሆነበት ቦታ እናካብት። መልካም ፍለጋ!