ሞተር እየሠራ የኖዝል ቧንቧ አትፍቱ! የናፍታ ግፊት በቁልፍ አይለካም

ዕቃ ልቀበል ቡራዩ ሄጄ ያየሁት ነገር ደሜን አፍልቶታል፤ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

አንድ ጎረምሳ የሃይሉክስ ዲ-ፎር-ዲ ኮፈን ከፍቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ከሬሉ ወደ ኖዝል የሚሄደውን ቧንቧ በ17 ቁልፍ ሊፈታ ይታገላል። ፊቱ ከቧንቧው አንድ ስንዝር አይርቅም። በግራ እጁ እራፊ ጨርቅ ይዟል፤ የሚረጨውን ናፍታ ሊከላከልበት መሆኑ ነው። ጮኼ አስቆምኩት። «ጋሼ፣ ግፊቱን እያየሁ ነው እኮ!» አለኝ። ከኋላው ቆሞ የነበረው ባለ ጋራዥ ደግሞ «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው» ብሎ አረፈው።

ድሮማ ልክ ነበር! በስሪ ኤልና በፋይቭ ኤል ሞተር ኖዝሉ የሚከፈተው በመቶ ምናምን ባር ነው። ቧንቧውን ላላ ስታደርገው ናፍታው ይንጠባጠባል፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ይሠራል፣ ካልተለወጠ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ታላላቆቻችን በዚህ ዘዴ ስንት ሞተር አድነዋል። እንደ ዲ-ፎር-ዲ ያለ ኮመን ሬል ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በሚኒሞ ብቻ ሬሉ ውስጥ 300 ባር ገደማ ታምቆ ይቀመጣል። ሲረገጥ በ3.0ው ሞተር እስከ 1,600 ባር፣ በአዲሱ 2.8 እስከ 2,200 ባር ይደርሳል። የሰው ቆዳ ለመብሳት 7 ባር ገደማ ይበቃል። ይህን በእራፊ ጨርቅ ልትመክት?

የሚያስፈራው ደግሞ አደጋው ሲደርስ ቀላል መምሰሉ ነው። ጣት ላይ መርፌ የነካው የምታክል ነጥብ ትታያለች፣ ደሙም እዚህ ግባ አይባልም፣ መጀመሪያ ላይ ሕመሙም ያን ያህል አይደለም። ናፍታው ግን በጅማትና በሥጋ መካከል ገብቶ ሽቅብ ሄዷል። በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ቀዶ ሕክምና ከዘገየ ጣት አልፎም እጅ ይቆረጣል። አንድ የማውቀው ልጅ ክሊኒክ ሄዶ ፕላስተር ለጥፈው ሸኙት። ፕላስተር! እንዲህ ከደረሰባችሁ ቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ፤ አቤት ሆስፒታልም ለድንገተኛ አደጋ ነው የቆመው። «ቆረጠኝ» አትበሉ፤ «ናፍታ በከፍተኛ ግፊት እጄ ውስጥ ገብቷል» በሉ። ሐኪሙ የሚነሳው ይህን ሲሰማ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ግፊት እንዴት ይለካል? በተራ ላስቀምጠው፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙት።

1. በጄሪካን ጀምሩ። ንጹሕ ናፍታ የያዘ ጄሪካን አዘጋጁ፣ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ የሚገባውን ጎማና የሪተርኑን ጎማ ሁለቱንም እዚያ ክተቱ፣ አየሩን አስወጡና አስነሱ። መኪናው ደህና ከሆነ ፖምፓውን ተዉት። ጥፋቱ ከኋላ ነው፤ ታንኩ፣ ቧንቧው፣ ፊልትሮው፣ ወይም የላላ ፋሼታ። ይህ ሙከራ የሚፈልገው ጄሪካንና ሁለት ክንድ ጎማ ብቻ ነው። ግን ማን ይሠራዋል?

2. መምጠጫውን ለኩ። ባለ 3.0ው ሃይሉክስ ታንኩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የለውም። ናፍታውን ከታንክ ስቦ የሚያመጣው ከዋናው ፖምፓ ጋር አብሮ የተሠራው ትንሹ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ባለው መስመር የምታገኙት ስበት እንጂ ግፊት አይደለም። የግፊት ጌጅ ገጥሞ «ዜሮ ነው፣ ፖምፓው አይሠራም» የሚል መካኒክ አይቻለሁ፤ ምን ልበለው? የሚያስፈልገው የቫኪዩም ጌጅ ነው። አዲስ ፊልትሮ ባስገባችሁ ቀን በሚኒሞም፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሽከረከርም ያነበባችሁትን ቁጥር ጻፉ፤ በኋላ ከዚያ በግልጽ ካለፈ መስመሩ ታንቋል። በጌጁ ምትክ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ብትገጥሙ ደግሞ አየር እየገባ ከሆነ አረፋው ሲሮጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ስትከፍቱት ችግሩ ከጠፋ መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኗል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ፓምፕ ናፍታ «ይስባል» እንላለን እንጂ ናፍታውን ከታንክ ገፍቶ የሚያመጣው የውጪው አየር ክብደት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ክብደት 1 ባር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ያለን የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ሰበታና ቡራዩም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ግማሹ የታፈነ ፊልትሮ ይዞ ጅቡቲ ወርዶ የተመለሰ መኪና ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ሲይዝ የሚያስለው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ብዙ ናፍታ የሚጠይቀው አየሩ የመግፋት አቅም ባነሰበት ቦታ ላይ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው የፊልትሮ መቀየሪያ ኪሎሜትርም የኛን ከፍታ፣ የሰበታን የድንጋይ ካባ አቧራና የበርሜል ናፍታ አስቦ የተጻፈ አይደለም። እዚህ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ቀደም አድርጋችሁ ቀይሩ።

3. ከፍተኛውን ግፊት በስካነር አንብቡ። ሬሉ ላይ ከፋብሪካ የተገጠመ ሴንሰር አለ፣ ለኛ ሥራ እሱ ነው ጌጁ። ስካነሩ ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል፦ ኮምፒውተሩ የፈለገውና ሬሉ ውስጥ በእርግጥ ያለው። በሚኒሞ ሁለቱ ተቀራርበው ይሄዳሉ፣ ያ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጭነት ላይ እዩት። ሹፌሩ ይንዳ፣ እናንተ ከጎኑ ተቀምጣችሁ እንጦጦን እየወጣችሁ አንብቡ። የተፈለገው 1,200 ሲሆን ያለው 800 ላይ ከቀረ እሺ፣ አሁን ችግር አለ። አልነሳ ላለ መኪና ደግሞ ሞተሪኖ ስትመቱ ተመልከቱ፤ ባብዛኛው 200 ባር ገደማ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ኖዝል አይከፍትም። ሞተሪኖው እስኪቃጠል አታዙሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ስካነር ይሰካሉ፣ ፒ0087 ይወጣል፣ «ፖምፓ ሞቷል» ይላሉ። አለቀ። ኮዱ «ፖምፓ ቀይር» አላለም እኮ! የሬሉ ግፊት ዝቅ ብሏል ነው ያለው። ለምን እንደወረደ ፈልግ ነው የሚልህ። ፊልትሮ ሊሆን ይችላል፣ አየር ሊሆን ይችላል፣ ያረጀ ኖዝል ሊሆን ይችላል፣ ሬሉ ላይ ያለው ማስተንፈሻ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ፖምፓው ላይ የተገጠመው ኤስሲቪ የምንለው ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ይህ ቫልቭ ቆሻሻ ሲይዘው ይነክሳል፣ መኪናው በሚኒሞ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድንገት ይጠፋል። ዋጋው ከፖምፓው ጋር አይወዳደርም። ስታወጡት ጫፉ ላይ ቡናማ ዝገት ካያችሁ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ውኃው ከየት መጣ?

ባለመኪናው ግን ፖምፓ ይገዛል። ተበድሮ ይገዛል። ተገጥሞ ሳምንት ሳይሞላ ያው ኮድ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ታንኩ ውስጥ ያለው ውኃና ዝቃጭ አዲሱንም እየበላው ነው። ከዚያ «ፖምፓው ፎርጅድ ነበር» ይባላል። ፎርጅድ ዕቃ የለም አላልኩም፣ ሞልቷል። ግን ሳይለካ የተፈረደበት ፖምፓ ይበልጣል።

አራተኛው የቱ ነበር? ብቻ የሪተርን ሙከራውን እንዳትረሱ። ከእያንዳንዱ ኖዝል የሚመለሰውን ናፍታ ለየብቻ በአራት እኩል ጠርሙስ ተቀበሉ፣ ሞተሩን በሚኒሞ አሠሩና የሞላውን አወዳድሩ። ይህ ዝቅተኛ ግፊት ነው፣ አያስፈራም። ከሦስቱ ተለይቶ የሞላው ኖዝል ግፊቱን እያፈሰሰ ነው። ያ ጎረምሳ ይፈልገው የነበረው መልስ እዚህ አለ፤ ጨርቅም 17 ቁልፍም አያስፈልገውም ነበር።

ውኃውን በተመለከተ፦ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉና ጥቂት አስቀምጡት፣ ውኃ ካለ ከታች ይተኛል። ውኃ መኖሩን የሚያሳየውን መብራት ሽቦ ቆርጠው «አስተካክዬዋለሁ» የሚሉ አሉ፤ እነዚህን ምን እንደምላቸው እኔ አውቃለሁ። ናፍታ ሲጠፋ በበርሜል ማከማቸትና ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት ለምዶብናል። ማደያ ሰልፍ ማደር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። ግን በርሜሉን ከታች አትቅዱት፣ አስተኝታችሁም አጣሩት።

ተቋሞቻችንስ? የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ልምምድ ብሎ ወደኔ ይመጣል፤ የፋይቭ ኤልን ፖምፓ ገጣጥሞ ያሳይሃል፣ ጥሩ ነው፣ ስካነር ላይ የሬል ግፊት የት እንዳለ ግን አያውቅም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የሚማርበት ሞተር ከእሱ ዕድሜ ይበልጣል። ብቃት ምዘና ያልፋል፣ ወረቀት ይይዛል፣ ከዚያ ቀሪውን ቲክቶክ ያስተምረዋል። ዓመታዊ ምርመራውም እንደምታውቁት ነው፤ ጭስ እያንቧለለ የገባ መኪና ቦሎ ለጥፎ ይወጣል። ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ ያለንን የናፍታ መኪና ደግሞ ማቆየት ግድ ነው። የሚጠግነውን ሰው ማሠልጠን ግን የማን ሥራ እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም።

ባለ ጋራዦች፣ አደራ። የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ የሚፈታው ሞተር ጠፍቶ፣ ደቂቃዎች ቆይቶ፣ ስካነሩ ላይ ግፊቱ መውረዱ ታይቶ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ከጠረጠራችሁ በእጅ አትዳስሱ፣ ሞተሩ እየሠራ ካርቶን አስጠግታችሁ እዩ። ለረዳቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ ማንበብ ለሚሰለቸው በድምፅ ቀድታችሁ ላኩለት።

ባለመኪኖች ደግሞ፣ «ፖምፓ ቀይር» ስትባሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መምጠጫው ስንት አነበበ? ዳገት ላይ የሬሉ ግፊት ስንት ተፈለገ፣ ስንት ተገኘ? የአራቱ ኖዝል ሪተርን እንዴት ነው? ቁጥር ከሌለው፣ ገንዘብ አትክፈሉ።